ሁለት ደጅ የሚጠናለት ፍትሕ

ከመቱ ችሎት እስከ ኖፓ የዋንዛ ጥላ፤ የኢሉባቦር ሰው ሕግን፣ አገርንና ዕርቅን በምን ዓይን ያያል?

ቡና ሲደርስ መቱ ላይ ነገር ይበዛል። ለቀማው ተጀምሮ የእሸት ቡና ዋጋ በየመንደሩ መወራት ሲጀምር፣ ዓመቱን ሙሉ ተዳፍኖ የከረመ የድንበር ጠብ ይቀሰቀሳል። ቡናዬን ለቀመብኝ የሚል፣ አጥሬን ገፋብኝ የሚል፣ ከአባቴ የወረስኩትን ማሳ ወንድሜ ከለከለኝ የሚል ሁሉ ወደ ፍርድ ቤት ያቀናል። ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ ደግሞ ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ይጠብቁታል።

የጸሐፊዎቹ ቤት ከፊቱ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ክፍል ነው። አንድ ኮምፒዩተር፣ ጠፈጠፍ እንዳያገኘው በላስቲክ የተሸፈነ ፕሪንተር፣ ማኅተም ያረፈባቸው የአሮጌ ውሳኔዎች ቅጂ፣ ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር ይታያል። ባለጉዳይ ከሚቀመጥበት አግዳሚ ሥር ከቦቲ የረገፈ ጭቃ ደርቋል፤ ኢሉባቦር ከአገራችን ዝናብ አብዝተው ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነውና የገጠሩ መንገድ ቶሎ አይደርቅም። ሰነድ የሚወጣው ከፌስታል ነው፤ ፌስታሉም ሌላ ፌስታል ውስጥ ነው። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ ቀበሌ የጻፈው ደብዳቤ፣ ጠርዙ የተበላ የደርግ ዘመን ወረቀት ተራ በተራ ጉልበት ላይ ይዘረጋል።

አንድ አረጋዊ ገበሬ ጉዳያቸውን በኦሮምኛ ይናገራሉ። ጸሐፊው ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አሳርፎ ያዳምጣል። ታሪኩ ከአያታቸው ይጀምራል። ጫካውን ማን እንደመነጠረው፣ የመጀመሪያዋን ቡና ማን እንደተከላት፣ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ የማን እንደነበር፣ ግብሩ ለማን ይገባ እንደነበር፣ በደርግ ጊዜ ማሳው እንዴት እንደተሸነሸነ፣ ጎረቤታቸው ያኔ ምን ብሎ እንደማለ ይዘረዝራሉ። ጸሐፊው ያከብራቸዋል፤ አያቋርጣቸውም። ትንፋሽ ሲወስዱ ግን ያችኑ ጥያቄ ይደግማል፦ «አባባ፣ ሰውየው ማሳዎ ውስጥ የገባው መቼ ነው? ወሩን ያስታውሱኝ።»

ጸሐፊው ወሩን አጥብቆ የሚጠይቀው ወዶ አይደለም። እንዲህ ያለው ክስ «ሁከት ይወገድልኝ» ይባላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት ይዞታው የተነካበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ይህ መንገድ ይዘጋበታል። ሕጉ በዚህ በኩል የሚጠይቀው ይዞታው በእጅህ ነበር ወይ፣ ማን፣ መቼ ነካብህ የሚለውን ነው። አያት፣ መሐላ፣ ቀፎ አይገቡበትም። በመጨረሻ ከፕሪንተሩ የሚወጣው አቤቱታ አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል የተጻፈ፣ የከሳሽና የተከሳሽ አድራሻ የሰፈረበት፣ የምስክሮች ስም ከታች የተደረደረበት። ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸዋል። አረጋዊው እስከ መጨረሻው አዳምጠው አውራ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ያኖራሉ። ጣታቸውን እየጠረጉም ይናገራሉ።

«የጻፍከው ሁሉ እውነት ነው፤ የኔ ነገር ግን እዚህ ውስጥ የለም።»

በኢሉባቦር ከተሞች ስለ ፍትሕ ወሬ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሰማው ስለ ጉቦና ስለ ቀጠሮ መራዘም ነው። ሁለቱም እውነተኛ ቁስል ናቸው፤ አገሪቱ በሙሉ ታውቃቸዋለች። ሰውየው ትንሽ ሲረጋጋ ግን ሌላ ቅሬታ ይወጣዋል። የረታውም የተረታውም ነገሬን እስከ መጨረሻው የሰማኝ የለም ይላል። ጉቦ በቁጥጥር፣ ቀጠሮ በዳኛ ብዛት ሊቃለል ይችል ይሆናል። የመሰማት ጥማት ግን በዚህ አካባቢ ረጅም ታሪክ ስላለው የመንግሥትንና የሕዝብን ግንኙነት ሳያነሡ ሊያወሩት አይቻልም።

በአንድ ሰው ዕድሜ ስንት ሕግ?

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ኢሉ አባ ቦራ በራሱ መሪዎችና በራሱ ሸንጎ የሚተዳደር አገር ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በተሰማ ናደው መሪነት ሲደርስ ያገኘው የጫሊ ሾኔን ግዛት ነው። ያዩ አካባቢ የሚገኘው ኦዳ ዶጊ የአካባቢው ኦሮሞ በገዳ ሥርዓት ተሰብስቦ ሕግ የሚደነግግበትና ነገር የሚያይበት ጥላ ሆኖ እስከ ዛሬ ይወሳል። በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር በዚህ አካባቢ ደስታ የተሰማው፣ ምዝገባው ሕግ አልባ ነበራችሁ ለሚል አሮጌ ንቀት የተሰጠ መልስ ጭምር ስለሆነ ነው።

በኋላ ራስ የተባሉት ተሰማ መቀመጫቸውን ጎሬ አደረጉ። ከሠራዊቱ ጋር አዲስ የሙግት ሥርዓት መጣ። በላ ልበልሃ ብሎ በግጥም የሚሟገት፣ ዋስ የሚጠራ፣ «በሕግ አምላክ» ሲባል ባለበት የሚቆም ሰው ያፈራው ባህል ለተወለደበት ሰው ውብና ጥልቅ ነው። በአስተርጓሚ ለሚቆም ገባር ግን ያ ሁሉ የአንደበት ጥበብ የባላጋራው መሣሪያ ነበር። ችሎቱን የሚያስችለው ገዥ፣ ገባር ያደላደለው ገዥ፣ ብዙ ጊዜም የተከሳሹ ጌታ ራሱ ገዥው ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ተረት እዚህ አገር ሲነገር ምሬቱ እጥፍ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ታወጀ። አርቃቂው ታላቁ የፈረንሳይ የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ ተመለሰ። ቁጥር 3347 ደግሞ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበረውን የተጻፈም ሆነ የልማድ ሕግ ሁሉ ሻረ። የዚያን ዘመን የጎሬ ችሎት እናስበው። ዳኛው ከፈረንሳይኛ የተመለሰ አማርኛ ያነባል፤ አስተርጓሚው ወደ ኦሮምኛ ያዞረዋል፤ ገበሬው አያቶቹ ያወረሱት ልማድ ከዛሬ ጀምሮ ሕግ አይደለም ሲባል ይሰማል። የዘመኑ ሰዎች ለአንዲት ዘመናዊ አገር አንድ ሕግ እንሥራ ያሉት በቅንነት ነው። ሆኖም ልማዱ በአዋጅ አልሞተም። የወረቀቱ ሕግ ከተማ ቀረ፤ ልማዱ ገጠር ቀረ፤ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ኖሩ።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ። ኢሉባቦር ውስጥ ያን ቀን በእንባ የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም አሉ። ስለ መሬት የሚወራው ብዙ ቢሆንም፣ የገበሬ ማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ያመጣውን ለውጥ የሚያነሣ ጥቂት ነው። የመሬት ክርክር በጎረቤቶች ፊት፣ ሰውየው በሚናገረው ቋንቋ መታየት ጀመረ። ለብዙ ገበሬ የመንግሥት ሥልጣን የያዘ ችሎት ያለ አስተርጓሚ ሲሰማው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ያ ሸንጎ ብዙም ሳይቆይ የካድሬ መሣሪያ መሆኑ፣ መንደር ምሥረታውና ብሔራዊ ውትድርናው የተከተሉት መሆኑ ያሳዝናል። ገበሬው ግን ሁለቱንም ያስታውሳል፤ አንዱን ለማውገዝ ሌላውን አይክድም።

በጥቅምት 1984 የኦሮምኛ ጽሕፈት በላቲን ፊደል እንዲሆን ተወሰነ፤ ብዙም ሳይቆይ ኦሮምኛ የችሎት ቋንቋ ሆነ። በንጉሡ ዘመን የተወለዱ አንድ የመቱ ሽማግሌ አባታቸው ጭሰኛ ሆነው በአስተርጓሚ ሲሟገቱ ያዩ፣ ጎልማሳ ሆነው በገበሬ ማኅበር ሸንጎ የተካሰሱ፣ አርጅተው በራሳቸው ቋንቋ የተጻፈ መጥሪያ የደረሳቸው ሰው ናቸው። ሕግ ለእሳቸው መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አብሮ የሚለወጥ ነገር ነው። ወጣት የሕግ ተመራቂዎች ሰዉ ሕግ አያከብርም እያሉ ሲማረሩ ይህን ማስታወስ ይገባቸዋል።

ጎሬ፣ 1928

ከመቱ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ ጎሬ አለች። እስከ 1970ዎቹ መባቻ የኢሉባቦር ዋና ከተማ እርሷ ነበረች፤ መቱ ተራውን የተረከበችው ከዚያ በኋላ ነው። ጸጥ ያለችው ይህች ከተማ በአንድ ክረምት ውስጥ የኢትዮጵያን የአገርነት ጥያቄ በሁለት ወገን ተሸክማ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ማብቂያ ከአዲስ አበባ ሲወጡ የቀረው መንግሥት ወደ ጎሬ አፈገፈገ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ጊዜያዊ መንግሥቱን መሩ፤ ራስ እምሩ የጦሩን ኃላፊነት ያዙ፤ የጥቁር አንበሳ ወጣት መኮንኖች ከእርሳቸው ጋር ተሰለፉ። ጎሬ እንግሊዝ ቆንስላዋን ያስቀመጠችበት ከተማ ነበረች፤ የምዕራቡ ቡና በጋምቤላ ወደብ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ስለሚወርድ የንግዱ ዓይን እዚያ ነበር። በእነዚያው ወራት የወለጋና የአካባቢው የኦሮሞ መሪዎች የምዕራብ ኦሮሞ ኮንፌዴሬሽን የተባለ ኅብረት መሠረቱ። ከጣሊያንም ከአዲስ አበባ አገዛዝም ውጭ ሆነን በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንተዳደር የሚል ጥያቄያቸውን በጎሬው ቆንስላ በካፒቴን ኤርስኪን በኩል ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ላኩ።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ቆመው በዚያው ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው አቤት አሉ። እንግዲህ አንዱ አንዲት ኢትዮጵያን አድኑልኝ እያለ፣ ሌላው ለሕዝቤ የራሱን ዕጣ ስጡልኝ እያለ ሁለቱም የጠኑት ያንኑ ደጅ ነው። ማኅበሩ ለአንዳቸውም አልደረሰም። በኅዳር 1929 የጣሊያን ጦር ጎሬ ገባ።

አንዱ አንዲት አገር አድኑልኝ፣ ሌላው የራሴን ዕጣ ስጡኝ እያለ ሁለቱም የጠኑት ያንኑ ደጅ ነው።

ይህን ታሪክ ዛሬ ሰው እንደየወገኑ ግማሹን ብቻ ይተርከዋል። ሙሉውን ካየነው ግን በኢሉባቦር ለኢትዮጵያ መዋጋትም ከኢትዮጵያ ፍትሕ አጣሁ ማለትም ከአንድ መሬት የበቀሉ መሆናቸውን እንረዳለን። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39ን ሲያስገባ የሞከረው ይህንኑ አሮጌ አቤቱታ በሕግ ለመመለስ ነበር። አንቀጹን የሚወድም የሚጠላም እዚህ ሞልቷል። ከቡና በኋላ በሚነሣ ጨዋታ ላይ ግን ክርክሩ ብዙም ሳይቆይ ከመገንጠል መብት ወርዶ ወደ መዝገብ ቤት መስኮት ይመጣል። የመንግሥት ሠራተኛው አገር የሚለውን ሲያብራራ ስለ ባንዲራ ጀምሮ መታወቂያ ለማውጣት ስንት ቀን እንደተመላለሰ ተናግሮ ይጨርሳል።

ወሰኑም ቢሆን ተቀያይሯል። የድሮው ጠቅላይ ግዛት ጋምቤላንና ሞቻን ያቀፈ ነበር። ዛሬ ጋምቤላ ራሱን የቻለ ክልል ነው፤ የሞቻዋ ማሻ ሰው ከ2014 ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ነዋሪ ነው። አባቱ ይግባኙን ጎሬ ያስገባ የነበረ ሰው ልጁ በሌላ ክልል፣ በሌላ ቋንቋ ይሟገታል።

የይግባኙ መንገድ ሲረዝም ደግሞ ቋንቋው እንደገና ይለወጣል። ጉዳዩ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት የሚል ሰው አዲስ አበባ ወዳለው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ይሄዳል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የዚህ ችሎት የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል፤ የሚሠራውም በአማርኛ ነው። ከመቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ገበሬ የኦሮምኛ መዝገቡን ከእነ ምስክር ቃሉ አስተርጉሞ ማቅረብ አለበት። አስተርጓሚ ይከፈላል፣ ጠበቃ ይከፈላል፣ አልጋ ይከፈላል። የጸጥታ ችግር መንገድ የዘጋ ዕለት ቀጠሮው ያልፋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይፈቅዳል፤ ይህ ግን የወንጀል ተከሳሹን እንጂ ስለ ማሳው የሚሟገተውን ገበሬ አይረዳውም። በኔ አስተያየት ይህ ክፍተት ከብዙ ፖለቲካዊ ንግግር የበለጠ አገርን ያርቃል።

ከእስር የወጣ፣ ከደም ያልወጣ

መሬት ነገር ነው፤ ደም ግን ሌላ ነው። በገጠር ኢሉባቦር ሰው ሰው ሲገድል ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ ይጀመራል። ፖሊስ ገዳዩን ይይዛል፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል። በሌላ በኩል የገዳይ ቤተሰብ ቤቱን ዘግቶ ወንዝ ተሻግሮ ዘመድ ጋ ይጠጋል፤ ሽማግሌዎችም መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ይህ ሁለተኛው ጉማ ነው።

ጉማ የደም ካሣ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ካሣው የመጨረሻው ክፍል እንጂ ልቡ አይደለም። በመጀመሪያ የገዳይ ወገን ሽማግሌዎችን ወደ ሟች ቤት ይልካል። እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከሩቅ ይቆማሉ፤ እርጥብ ሣር የያዘን ሰው መምታት ነውር ነውና። የመጀመሪያ ቀን ይባረራሉ፤ መባረራቸውን አስቀድመው ያውቁታል። ይመለሳሉ። እንደገና ይባረራሉ። መመላለሱ ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ከዚያም በላይ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሟች እናት ታለቅሳለች፣ ትራገማለች፣ የልጇን ደግነት ትናገራለች፤ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይሰሟታል። የሟች ወገን ልብ ሲራራ ሁለቱ ወገኖች ይቀመጣሉ፤ ገዳዩ ወይም ወገኑ ጥፋቱን በአደባባይ ያምናል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ከብት ይታረዳል፤ እጅ ይታጠባል። ከዚያ በኋላ በገበያም በለቅሶም መገናኘት ይቻላል።

ከመደበኛው ችሎት ጋር ያለው ልዩነት የሚታየው የሟች እናት ላይ ነው። በወንጀል ችሎት ከሳሹ መንግሥት ነው፤ እርሷ ብትጠራ ምስክር ናት። የዐቃቤ ሕጉን ጥያቄ መልሳ ትወጣለች። ተከሳሹ ብዙ ጊዜ «አልፈጸምኩም» ብሎ ይከራከራል፤ ሥነ ሥርዓቱም መብቱ ነው ይለዋል። አምኖ ይቅርታ መለመን የጉማ መጀመሪያ ነው፤ በችሎት ግን ማመን ራስን ማስቀጣት ነው። አንዱ የሚያስመሰግነውን ሌላው ያስቀጣል።

አምኖ ይቅርታ መለመን የጉማ መጀመሪያ ነው፤ በችሎት ግን ማመን ራስን ማስቀጣት ነው።

ስለዚህም ብዙ ዓመት ታስሮ የተፈታ ሰው በቀጥታ ቤቱ አይገባም። ለመንግሥት ዕዳውን ከፍሏል፤ ለሟች ወገን ግን ምንም አልከፈለም። መቱ ወይም በደሌ ከተማ ቀን ሥራ እየሠራ ሽማግሌ ይልካል። በሌላ በኩል ጉማው አስቀድሞ ካለቀ ዐቃቤ ሕጉ ይቸገራል። ምስክሮቹ ያዩትን ማየታቸውን ይረሳሉ፣ የሟች ወንድም ራሱ «ታርቀናል፣ ተዉልን» ብሎ ይቀርባል። ሕጉ ይህን ሙሉ በሙሉ አያጣውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እውነተኛ ጸጸትንና የተበዳዩን ጉዳት ለመካስ መጣርን ከቅጣት ማቅለያዎች ይቆጥራል። ሆኖም ግድያ በዕርቅ የሚዘጋ የግል ጉዳይ አይደለም፤ መሆንም የለበትም። ባለጠጋ ዘመድ ያለው ሁሉ በከብት የሚገላገልበት አገር ለድሃ አይሆንም። የሚጎድለው ሁለቱ ሥራዎች በቅደም ተከተል የሚገናኙበት የታወቀ መንገድ ነው። አሁን የሚገናኙት በደላላ፣ በልመና፣ አንዳንዴም በሐሰት ምስክርነት ነው።

ከዋንዛ ሥር ወደ መዝገብ

በ2013 ዓ.ም. ጨፌ ኦሮሚያ የባህል ፍርድ ቤቶችን የሚያቋቁምና ዕውቅና የሚሰጥ አዋጅ ቁጥር 240 አወጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 እና 78 ለዚህ በር ከፍቶ ነበር፤ በሩ ሳይገባበት ከሩብ ክፍለ ዘመን በላይ አለፈ። አዋጁ ፍርድ ቤቶቹን በሁለት ደረጃ፣ የመጀመሪያና ይግባኝ ሰሚ አድርጎ አደራጅቷል። ነገሩ የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀበሌው ተዋቅረዋል፤ ኖፓን በመሰሉ የኢሉባቦር ወረዳዎች ከተማ ሳይወርዱ ነገርን መጨረስ ትልቅ እፎይታ ነው።

አቀማመጡ ከችሎት ይለያል። ሽማግሌዎቹ ከዋንዛ ሥር በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ ይመርቃል፤ የቀሩት በኅብረት ይቀበላሉ፤ ያልተመረቀ ነገር አይጀመርም። ከዚያ ከሳሽ ይናገራል። ማንም ወሩን አይጠይቀውም። ከአያቱ ቢጀምር ከአያቱ ያዳምጡታል፤ ምናልባትም አንዱ ሽማግሌ አያቱን ያውቃቸዋል። ተከሳሽም እንዲሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ የሚያነሡት ማን ረታ የሚለውን ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች ነገ በአንድ ወንዝ ውኃ እንዴት ይቀዳሉ የሚለውንም ነው። ያ ሁሉ ሲያልቅ አንድ ወጣት ጸሐፊ ውሳኔውን ቅጽ ላይ ያሰፍራል፤ ሽማግሌዎቹ ይፈርማሉ። አዲሱ ነገር ይህ ነው፤ የዕርቁ ቃል የመዝገብ ቁጥር አገኘ።

መደበኛ ዳኞች ይህን የሚያዩት ሁለት ልብ ሆነው ነው። አንደኛው ወገን ሸክሙ ቀለለልን ይላል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም ቢሆን ተከራካሪዎች በማንኛውም ጊዜ እንዲታረቁ ስለሚፈቅድ ታረቁ ብለን ስንልክ የምንልክበት አገኘን ባዮች ናቸው። ሌላው ወገን የሚፈራው ሽማግሌው አበልና ማኅተም ሲያገኝ የቀበሌ ሹም እንዳይሆን ነው። ይህ ፍርሃት ለኔ ትክክል ነው። በሩዋንዳ የሣር ላይ ዳኝነት የነበረው ጋቻቻ ከዘር ፍጅቱ በኋላ በመንግሥት ሕግ ተደራጅቶ እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪዘጋ ድረስ እጅግ ብዙ ተከሳሾችን ዳኘ። በጊዜው አማራጭ አልነበረም የሚሉ አሉ፤ የጎረቤት ጉባኤ የነበረው የመንግሥት እጅ ሆነ ብለው የሚወቅሱም አሉ። የኢሉባቦር ሽማግሌ የሚከበረው ባለሥልጣን ባለመሆኑ ነው። በሹመትና በስብሰባ የሚመረጥ ከሆነ ክብሩ ከሹመቱ ጋር ይወርዳል።

ከክቡ ውጭ የቆሙት

ሽምግልናን የሚያሞግሰው ድምፅ የወንድ ድምፅ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ጋ ተመለሱና አግዳሚውን ተመልከቱ፤ ሴቶች አሉበት። ባላቸው የሞተባቸው፣ ከአባታቸው ማሳ ድርሻ የተከለከሉ፣ በፍቺ ባዶ እጃቸውን የወጡ ናቸው። ብዙዎቹ ሽማግሌ አይተው የመጡ ናቸው። በልማዱ ሴት ልጅ ወደ ባሏ ቤት የምትሄድ እንጂ ከአባቷ መሬት የምትካፈል አይደለችም። ሽማግሌዎቹ ደግ ሲሆኑ ለወንድሟ «እኅትህን አትርሳት» ብለው ይመክራሉ። ምክር ግን መብት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬት በመጠቀም፣ በማስተላለፍና በውርስ እኩል ናቸው ይላል፤ የኦሮሚያ የገጠር መሬት ሕግም የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ ያዛል። ለእነዚህ ሴቶች የመጽሐፉ ሕግ እንግዳም ባዕድም አይደለም። አንዷ እንዲህ ትላለች፦ «ሽማግሌ ፊት ስቀርብ ወንድሜን ከጎናቸው ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ዳኛ ፊት ግን ሁለታችንም እንቆማለን።»

ሌሎችም አሉ። በ1977 ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎና ከሌላውም ሰሜን ብዙ ቤተሰብ ወደ ኢሉባቦር አመጣ። በርካቶቹ ተለይተው ሳይሆን በነባሩ የገበሬ ማኅበር ውስጥ ተሰገሰጉ፤ ጎጆ እንዲቀልሱላቸው፣ ማሳ እንዲያካፍሏቸው የታዘዙት የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። የመጣውም የተቀበለውም በአንድ ትእዛዝ ሥር ነበሩ። ያም ሆኖ ልጆቻቸው አብረው ቡና ለቀሙ፣ ተጋቡ፣ ክርስትና ተነሣሡ፣ በአንድ ዕድር ገቡ። በ1996 ደግሞ ከሐረርጌ የመጡ ኦሮሞዎች ጨዋቃ ሰፈሩ፤ ቋንቋቸው አንድ ሆኖ እንኳ የመሬት ድንበሩ ጠብ አላጣውም። ጥቅምት 2010 ላይ፣ ከኢሉባቦር ተለይቶ ዞን በሆነው ቡኖ በደሌ፣ ዴጋና ጮራ ወረዳዎች ውስጥ ሰዎች በማንነታቸው ሲጠቁ የአማራም የኦሮሞም ሕይወት ጠፋ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ብዙ ሰው ተሰደደ። በዚያን ሰሞን ጎረቤቱን ቤቱ የደበቀ ሰው ነበር። ደብቆ ያዳነውም ያጠቃውም እዚያው መንደር ይኖራል፤ ከዚህ በኋላ በአንድ ቀበሌ መዳኘት ያለባቸውም እነርሱ ናቸው።

የባህል ፍርድ ቤቱ ፈተናም እዚህ ላይ ነው። ተከራካሪዎች ሲስማሙ የሚለው ቃል ለብዙኃኑ ቀላል ነው። ብቻውን የሆነ ሰፋሪ ግን አልስማማም ቢል ጎረቤቶቹን የናቀ ይመስልበታል፤ ስለዚህ ሳይወድ ይስማማል። በጉማ ባህል ውስጥ መፍትሔው ከጥንት አለ፦ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሦስተኛ ወገንም ይጨመራል። የ1999ኙ የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅም የመሬት ክርክር በመጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች እየራሳቸው በሚመርጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታይ አድርጎ ነበር። አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ ይህንኑ ለሰፋሪውም፣ ለሴቲቱም በእኩል መጠቀም ነው።

አያቱ ከወሎ የመጣ፣ ራሱ እዚህ ተወልዶ ኦሮምኛን ከአማርኛ አስበልጦ የሚናገር አንድ ወጣት የቡና ነጋዴ ከጎረቤቱ ጋር የድንበር ክርክር አለው። ገንዘብ ስላለው መቱ ወርዶ ጠበቃ ማቆም ይችላል። ጎረቤቱ ከሽማግሌ እንየው ብሎታል። እርሱም ፈቃደኛ ነው፤ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱን እኔ ልምረጥ። ኦሮሞ ይሁን፣ አማራ ይሁን ግድ የለኝም። አባቴ ያንን ማሳ ሲያቀና ያየ ሰው ይሁን።»